ጣሪያ የሌለው ሚዛን

አሰልጣኙን እጠላዋለሁ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ በኋላ «እህትየው ጠልታው ነው እንጂ» ብሎ ለሚደክም ሰው ድካሙን ልቀንስለት ብዬ ነው። አዎ፣ ጠልቼዋለሁ። ወንድሜን ያወፈረው ግን የእኔ ጥላቻ አይደለም።

ወንድሜ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ነው። ሰፈሩም፣ የሚለማመድበት አዳራሽም ቋጥኝ ይሉታል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በዘጠኝ ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን ስትሞት አሥር ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እናቱም እኔ፣ አባቱም እኔ፣ ሱሪውን የምሰፋለትም እኔ። የሰው ልጅ ወደ ላይ ያድጋል፤ የእኔው ወደ ላይም ወደ ጎንም ነበር። ትምህርት ቤት ለሦስት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ ይቀመጥ ነበር፤ ያም ልጅ ግማሽ መቀመጫው አየር ላይ ነው። አውቶቡስ ሲሳፈር ሰው ሁሉ «ሁለት ትኬት ቁረጥ» ይለዋል፤ እሱ ይስቃል። እኔም ወንበር በሳበ ቁጥር «ቀስ በል፣ የቀረን እሱ ብቻ ነው» እለው ነበር። እንስቅ ነበር። ክፋት አልነበረውም፤ ቢያንስ እኔ ክፋት አለው ብዬ አላሰብኩም።

በሃያ ዓመቱ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ተቀጠረ። ሥራው ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊፍት በሌለው ሕንጻ ላይ ማውጣት ነው። ለሁለት ነው የሚሠራው፤ አንዱ ከላይ ሆኖ ቀበቶውን ይስባል፣ ሌላው ከታች በትከሻው ይገፋል። ከታች ያለው ሁልጊዜ ወንድሜ ነበር። ከላይ የሚስበው ባልደረባው፣ ሸንበቆ የሚባል ቀጭን ሰው፣ «የእኔ ሥራ መንገድ ማሳየት ብቻ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር።

አሰልጣኙ ያገኘው እዚያው ደረጃ ላይ ነው። ሰውየው አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር፤ ፍሪጅ ገዝቶ እነወንድሜ አመጡለት። ወንድሜ ፍሪጁን ወጥ ቤቱ ውስጥ አስቀምጦ ቀና ሲል፣ አሰልጣኙ ደረቱ ላይ ጆሮውን ሊለጥፍ ምንም አልቀረውም።

«አራት ፎቅ ወጥተህ ታወራለህ?» አለው።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዝም ልበል?» አለ ወንድሜ።

በሳምንቱ ጓንት አጠለቀ።

ብጠላውም አልዋሽበትም፤ አሰልጣኙ በጉብዝናው ዘመን ጥሩ ቦክሰኛ ነበር፣ የሃምሳ አንድ ኪሎ። የቀላል ሚዛን ሰው ኑሮው ረሃብ ነው። ውድድር በደረሰ ቁጥር ላስቲክ ለብሶ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃ አፉ ውስጥ አዙሮ ይተፋል፣ ምራቁን እንኳ ጣሳ ውስጥ እየተፋ ግራም ይቀንሳል። ትልቁን ውድድር የተሸነፈው በቡጢ አይደለም፤ ሚዛን ላይ እንደቆመ ራሱን ስቶ ወድቆ ነው። እንዲህ ዕድሜውን ሙሉ ተርቦ የኖረ ሰው፣ ከዘጠና አንድ ኪሎ በላይ የሆነ ሁሉ የሚገባበት ምድብ ሲያገኝ፣ ማለቂያ የሌለው ድግስ ቤት የገባ መሰለው። «ከባድ ሚዛን ጣሪያ የለውም!» ይላል፣ ጣቱን ወደ አዳራሹ ቆርቆሮ እያነሳ። አዳራሹማ ጣሪያ ነበረው፤ ያፈስ ነበር እንጂ።

ወንድሜ ስምንት ዓመት በመቶ ኪሎ አካባቢ ተጋጠመ። ጠዋት ይሮጣል፣ ቀን ፍሪጅ ይሸከማል፣ ከሥራ ሲወጣ አዳራሽ ይገባል። ሲያሸንፍ ያሸንፋል፣ ሲሸነፍ ይሸነፋል። ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላው ለፍጻሜ ደርሶ በነጥብ ተሸነፈ። ያሸነፈው ሰው መቶ ሃያ ኪሎ ይመዝን ነበር። ሰውየው ያሸነፈው ፈጣን ግራ እጅ ስለነበረው ነው፤ ሁላችንም አይተናል። አሰልጣኙ ግን ያየው ሆዱን ብቻ ነው። በማግስቱ «የጎደለን ክብደት ነው» ብሎ ፈረደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ እንዳይሮጥ ተከለከለ። «ሩጫ ሥጋ ይበላል» የሚል ሕግ ወጣ። ገመድ መዝለልም ቀረ። በሩጫው ሰዓት ስምንት እንቁላል ከዳቦ ጋር፣ ረፋድ ላይ ሩዝና ሥጋ፣ ቀትር ላይ እንደገና፣ ከሥራ ሲመለስ እንደገና፣ ከመተኛቱ በፊት አንድ ሊትር ወተት። ጫማ መደብር የምትሠራ አንዲት ደግ ጓደኛ ነበረችው፤ ለምሳ ሲቀጣጠሩ አሰልጣኙ ሦስተኛ ሆኖ ይቀመጥና የጎረሰውን ይቆጥራል። «የማገባው የትኛውን እንደሆነ ግራ ገባኝ» ብላ ተወችው። እኔ ሳቅኩ። ወንድሜ ግን ያን ሰሞን እንቁላሉን ዝም ብሎ ነበር የሚበላው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም በተራ ሚዛን ላይ ይወጣል። ቀላሎቹ ከቀነሱ ይጨበጨብላቸዋል። ወንድሜ ደግሞ ከጨመረ ይጨበጨብለታል። ሁለት ኪሎ የጨመረ ቀን በትከሻቸው ሊያነሱት ሞክረው አቃታቸው፤ ማቃታቸው ራሱ ደስ አሰኛቸው። «አያችሁ!» አለ አሰልጣኙ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

እኔ ቤት ሚዛን የለም፤ ሜትር ነው ያለኝ። የመወዳደሪያ ቁምጣውንም የሥራ ቱታውንም የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ በየሦስት ወሩ እለካዋለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ትከሻው አንዲት ጣት አልጨመረም። ክንዱ ያው ነው። ደረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ወገቡ ከዘጠና ስድስት ወደ መቶ ሃያ ሦስት። ሚዛን ስንት እንደሆንክ ይነግርሃል እንጂ የጨመርከው የቱ ጋ እንደሆነ አይነግርህም። ይህን ለማወቅ ደግሞ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሱሪ መስፋት ይበቃል።

አንድ ቀን ሸንበቆ ወደ ሱቄ መጣ። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ መስሎኝ ሜትሬን አነሳሁ። እሱ ግን በሩን ዘጋ።

«እትዬ፣ አትቀየሚኝ» አለኝ። «ወንድምሽ አሁን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ፍሪጁን አስደግፎ ይቀመጣል። ትናንት ሦስተኛው ላይ ከንፈሩ አመድ መሰለ። እኔ ከላይ ነኝ፣ እሱ ከታች ነው። እጁ ከከዳው ፍሪጁ በላዩ ላይ ነው የሚወርደው። ለባለመደብሩ አልነገርኩም፤ ላንቺ ግን መንገር አለብኝ።»

ደሜ ፈላ። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ደብተሬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ አዳራሹ በረርኩ። አሰልጣኙ የአንዱን ቦክሰኛ እጅ በፋሻ ይጠቀልል ነበር። ወንድሜ ገና ከሥራ አልመጣም።

«እንደምን ዋሉ» አልኩት። በዕድሜ አባቴ ይሆናልና እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የምለው።

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤት?»

«ወንድሜ ደረጃ መውጣት አቅቶታል።»

«እኛ ደረጃ ላይ አንቧቀስም።»

«እርስዎ ራስዎ ያገኙት ደረጃ ላይ አይደለም እንዴ? አራት ፎቅ ወጥቶ ሲያወራ አይደል የወደዱት?»

ደብተሬን ከፍቼ አነበብኩለት፤ ወገብ፣ ደረት፣ ክንድ፣ ትከሻ፣ ከነቀኑ። ቦክሰኞቹ የአሸዋ ከረጢቱን መምታት ትተው ያዳምጣሉ። አሰልጣኙ ፋሻውን አልጨረሰም።

«ይሄ ለሱሪ ይሆናል» አለ። «እኛ ሱሪ አንሰፋም። ሂጂ መርፌሽን ያዢ።»

«እኔማ መርፌዬን ይዣለሁ። እርስዎ ነዎት ሥራዎን የተዉት። ይሄ እኮ ማሠልጠን አይደለም፤ በሬ ማድለብ ነው። የደለበ በሬ ደግሞ መጨረሻው ይታወቃል!»

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። የአሰልጣኙ ፊት ተለዋወጠ።

«ስሚ! ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ካሸነፈ ክለቡ ቋሚ ቦክሰኛ አድርጎ ይይዘዋል፣ ከፍሪጅ ሥር ይወጣል። ካላሸነፈ ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው የለም፤ ጀርባው እስኪጎብጥ ተሸካሚ ነው። ከዚያ የምታወጪው አንቺ ነሽ?»

«ከሬሳ ሳጥን የምታወጣው አንተ ነህ?» አልኩት። «እርስዎ» እዚህ ላይ አበቃ።

«ውጪልኝ!»

«እወጣለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ የምታበላው ወንድሜን አይደለም። ያኔ ሚዛን ላይ የወደቀውን ራስህን ነው የምታበላው!»

ፋሻው ከእጁ ወድቆ መሬት ላይ ተዘረጋ። ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ልክ ነኝ። ሰውን በሰው ፊት ልክ ልኩን መንገር ግን ነገር አያቀናም፤ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወንድሜ ጋ ደረሰ። ማታ የቤታችንን በር በኃይል ገፍቶ ገባ።

«አዋረድሽኝ!»

«ሸንበቆ እኮ ነው የነገረኝ፣ ከንፈርህ አመድ—»

«ሸንበቆ ራሱን ይሸከም!»

«በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ—»

«ተረትሽን ለደንበኞችሽ! ቡጢዬ እንዲህ ከብዶ አያውቅም፣ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። አንቺን የሚያሳስብሽ ወንበርሽ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የእኔ ምላስ ግን ዝም ማለት አልፈጠረበትም። «ወንበሩማ ተሰበረ!» አልኩት። «አልጋውም ተሰበረ! ይሄ ቤት አይችልህም፣ እኔም መሮኛል!»

አጠገቡ እንደሌለሁ ሁሉ ልብሱን ሰብስቦ ሻንጣ ውስጥ ከተተ። ሻንጣው አልዘጋ ሲለው ብብቱ ሥር አቅፎት ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ጓንትና ገመድ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል አለች፤ አሰልጣኙ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን አነጠፈለት አሉ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ሰባት ሳምንት ሙሉ አላየሁትም። ሸንበቆ ብቻ አልፎ አልፎ ብቅ እያለ «ዛሬ ደህና ወጣን» ወይም «ዛሬ አራት ጊዜ አረፍን» ይለኛል፤ የወንድሜን ኑሮ በፎቅ ብዛት ነበር የምሰማው።

የውድድሩ ሰሞን ደረሰ። ዓርብ ዕለት ለግማሽ ፍጻሜ ሲገባ ማንም ሳያየኝ ከኋላ ቆምኩ። ወደ መድረኩ ሲወጣ የውድድሩ አዳራሽ በጭብጨባ ተናጋ። መቶ ሃያ አራት ኪሎ ነው ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ደወል እንደተደወለ ሁለት እርምጃ ሄደና በቀኝ እጁ አንድ ጊዜ መታ፤ ያኛው ሰውዬ እንደ እርጥብ ልብስ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። አርባ ሰከንድ አይሞላም። አሰልጣኙ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል በዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። ተሸንፌያለሁ አልኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ደረት ውስጥ እንደሚገቡ አላውቅም ነበር።

ፍጻሜው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተጋጣሚው ዘጠና አምስት ኪሎ የሚመዝን ረጅም ሰው ነው፤ ሥራው ደብዳቤ ማደል ነው አሉ። ቀኑን ሙሉ ሲራመድ የሚውል ሰው ማለት ነው።

ፖስተኛው በመጀመሪያው ዙር አንድም ጊዜ አልመታም። ወንድሜን በዙሪያው ይዞረዋል፤ ወንድሜ ይከተለዋል። አንድ ጊዜ የወንድሜ ቀኝ እጅ የፖስተኛውን ትከሻ አገኘችና ገመዱ ላይ ለጠፈችው። ሕዝቡ ጮኸ። እኔም ወንበር ላይ ወጥቼ «በለው!» ብዬ ጮህኩ፤ ጥሌን ሁሉ ረሳሁ። ፖስተኛው ትከሻውን አሻሸና መዞሩን ቀጠለ።

በሁለተኛው ዙር ሰው መሳቅ ጀመረ። ፖስተኛው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወንድሜ ይከተላል፤ ፖስተኛው ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ወንድሜ ገና ወደ ግራ እየሄደ ነው። «ደብዳቤ መጥቶልሃል፣ ፈርም!» አለ ከኋላዬ አንዱ። ዞሬ «አፍህን ዝጋ፣ አለበለዚያ እሰፋልሃለሁ» አልኩት። የወንድሜ አፍ ተከፍቶ ቀርቷል። ከንፈሩ ሸንበቆ እንዳለው ሆነ።

ደወል ሲደወል በሰው መሃል ተጋፍቼ እሱ ያለበት ማዕዘን ሥር ደረስኩ።

«እግሬ…» ይላል ወንድሜ። «እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

«እግር ምን ያደርግልሃል? ተደገፍበት!» ይላል አሰልጣኙ፣ ደረቱን በውሃ እያራሰ። «መቶ ሃያ አራት ኪሎ ነህ፤ ጫንበት!»

«ፎጣውን ወርውር፣ ግጥሚያው ይቁም!» አልኩ። «ሰው አይደለህም? ወርውርለት!»

አሰልጣኙ ዞር ብሎ አየኝና ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠመጠመው።

ሦስተኛው ዙር ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። ወንድሜ የተባለውን አደረገ፤ ሁለት እጁን አንስቶ በሙሉ ገላው ሊደገፍበት ሄደ። ፖስተኛው ለሰው መንገድ እንደሚለቅ ሰው ወደ ጎን አንድ እርምጃ አለ። ወንድሜ በባዶው ላይ ሄዶ በጉልበቱ ወደቀ፣ ከዚያ በሆዱ። ዳኛው እጁን አወዛወዘ፤ ምት የለም፣ አይቆጠርም ማለቱ ነው። «ተነስ» አለው። ወንድሜ አንድ ጉልበቱን አነሳ። ሁለተኛው አልመጣም። እንደገና በእጁ ወለሉን ገፋ፤ ክንዱ ከዳውና ተመልሶ ተቀመጠ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ግጥሚያውን አቆመ። ማንም አልመታውም ነበር። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን እናገራለሁ፤ ወንድሜ በዚያ ቀን አንድም ቡጢ አልቀመሰም።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠው፣ ክንዱን አስሮ የደም ግፊቱን ለካው።

«ልቡ ለዛሬው ተርፏል» አለ። «ትንፋሽ ነው ያለቀበት። ለመጨረሻ ጊዜ የሮጠው መቼ ነው?»

አሰልጣኙ ግድግዳውን ያያል። ሐኪሙ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ተመስገን አልኩ በሆዴ፤ እኔ በደብተር ያቃተኝን አንድ ጥያቄ ጨረሰችልኝ። ሦስታችን ብቻ ቀረን። አሰልጣኙ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

«ስምንት ኪሎ» አለ።

«ምን?» አልኩት።

«ያነሰን ስምንት ኪሎ ነው። በመጀመሪያው ዙር ትከሻውን ሲያገኘው አላየሽም? ገመዱ ላይ ነው የለጠፈው! ስምንት ኪሎ ቢጨመርበት ኖሮ ከገመዱ ውጪ ነበር የሚወድቀው። ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ሁለተኛ ዙር ከሌለ ትንፋሽ ለምን ይጠቅማል?»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አይቀልድም። ወንድሜ ተነስቶ አንገቱን እስኪያንቀው ጠበቅኩ፤ በአንድ እጁ ያን ሰውዬ ግድግዳው ላይ መስቀል ይችል ነበር፣ በደከመበትም ሰዓት። ወንድሜ ቀና አለ። ውሃው ከፀጉሩ ላይ ይንጠባጠባል።

«በስንት ወር?» አለው።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አጠገቡ ሄጄ ክንዱን ያዝኩት። «ተነስ፣ ቤታችን እንሂድ» አልኩት። «የተናገርኩትን ሁሉ መልሼ ውጬዋለሁ። ነገ ጠዋት አብሬህ እሮጣለሁ፤ መሮጥ ቢያቅተኝ እራመዳለሁ። ሰዎች ይሳቁብን። አንተ ብቻ ተነስ።»

አየኝ። ንዴት የለበትም፤ ቢናደድብኝ በወደድኩ።

«እታለም» አለኝ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ በር ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ወንበር ላይ ጫፍ ይዤ፣ አውቶቡስ ውስጥ ራሴን ሰብስቤ ነው የኖርኩት። በዛህ ያላለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

አሰልጣኙ ሰማ፣ ግን ድል አድራጊ ሆኖ አላየኝም። ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ የወንድሜን ጀርባ ማድረቅ ጀመረ። ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ አልቸኮለም፣ ምንም አልዘለለም። እኔ ያን ገላ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አጥቤዋለሁ፣ ለክቼዋለሁ፣ አልብሼዋለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ግን የነካሁት ጊዜ ትዝ አላለኝም። በዚያ ሽማግሌ ቀናሁበት፤ ስለቀናሁበትም የባሰ ጠላሁት።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ቀስ ብዬ ሄድኩ፤ ወንድሜ ግን አልተከተለኝም።